ሦስት ይላል

«ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?» አለ ባልየው ከሱቁ፣ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊዋ ለአማቷ ሻይ እያቀዘቀዘች ነበር። ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው መገልበጧን አላቆመችም። «ስንት እንሆናለን? እኔና እማማ ነና። ሁለት።»

«ሦስት ይላል።»

ካቻቢቴው ከብረት ጋር ሲፋጭ፣ ወንበሩ ሲጎተት፣ ከግድግዳ ጀርባ የልብ ምት ሰምቶ ሰው የሚቆጥረው ማሽኑ እንደገና ጢው ሲል ተሰማ። «ሦስት» አለ ደግሞ፣ አሁን ለራሱ። ድመቷ ትሆናለች አለችው። እሱም ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብሎ፣ የድመት ልብ እንደ ስፌት መኪና እንደሚሮጥ፣ ማሽኑም ይህን አውቆ ድመትንና አይጥን ከቆጠራው እንደሚያስወጣ፣ የመጀመሪያው ዙር የመንግሥት ገንዘብ ያለቀውም በዚሁ እንደሆነ ነገራት። አማትየዋ ከአልጋዋ ላይ አንገቷን ቀና አደረገች። ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚያ አልጋ ያልወረደች፣ ምላሷ ግን አንድ ቀን ተኝቶ የማያውቅ ሴት ናት። «ሦስተኛው ሞት ነው» አለች። «እኔን ሊወስድ መጥቶ አልጋዬ ሥር ተራውን ይጠብቃል። ሻይ ስጡትና ይሂድ።» ባልየው ከማዶ ሳቀ። ሚስትየውም ሳቀች። ማሽኑ ግን እውነቱን ነበር የተናገረው።

ሰፈሩ ባልየውን «ጆሮ» ብሎ ነው የሚጠራው። ሠላሳ አንድ ዓመት በውሃ መሥሪያ ቤት የቧንቧ ስንጥቅ አዳማጭ ነበር። መኪና ሳይበዛ ማለዳ ይወጣና የብረት ዘንጉን አስፋልት ላይ ተክሎ፣ ጆሮውን በጫፉ ላይ ያሳርፋል። ከመሬት በታች ውሃው የሚያፏጭበትን እየተከተለ ይሄዳል፤ ሲደርስበት ከኮቱ ኪስ ጠመኔ አውጥቶ መስቀለኛ ምልክት ያደርጋል። ቆፋሪዎቹ ከኋላው መጥተው በከንቱ የቆፈሩበት ቀን አልነበረም ይባላል። እጁ ከምላሱ ይቀድም ነበር። አለቃው «የት ጋ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ራሱም ዝቅ ብሎ ያይና ምልክቱን እግሩ ሥር ተሠርቶ ያገኘዋል። የሰው ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሁለት መንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው፣ እቤቱ ሚስቱ ሦስት ጊዜ ካልጠራችው አይሰማም እያልን እንቀልድበት ነበር። ቀልዱ እውነት መሆኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ግራ ጆሮው ጡረታ ሊወጣ አምስት ዓመት ሲቀረው ጨርሶ ሄዷል፤ ቀኙም ግማሽ ነው። የመጨረሻዎቹን ዓመታት የሰውን ከንፈር እያየ ነው የሠራው፤ አሁን ከግድግዳ ማዶ የሚባለውን የሚሰማውም በማሽኑ ማዳመጫ ነው። ማሽኑን የሠራውም ከተማዋ ያለ ጆሮ እንዳትቀር ነው ይላል፤ እሷ ግን የራሱን ጆሮ እንደገና እየሠራ እንደሆነ ታውቃለች።

ውሃ መሥሪያ ቤት ማሽኑን አይቶ አመሰገነውና በጀት የለም አለው። በሬዲዮ የሰማው ፈንድ ብቻ ቀረ፤ መንግሥት ለአነስተኛ ድርጅቶች የምርምር ገንዘብ ይሰጣል፣ የሚመረመረው ነገር ለመከላከያ የሚውል ከሆነ። በመስኮት ያስተናገደው ጸሐፊ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበለት፤ ደግ ሰው ነበር። «ጥሩ ሥራ ነው» አለው፤ «ውሃ ያሉበትን ቦታ ሁሉ ሰው ብለው ይጻፉትና ያምጡት።» የእጅ ጽሑፏ ከሱ ይሻል ስለነበር ወረቀቱን የገለበጠችው ሚስትየው ናት። በመሬት ውስጥ የሚሄድ ውሃ የነበረው ከግድግዳ ጀርባ ያለ ሰው ሆነ። የተደበቀ ስንጥቅ የነበረው የተደበቀ ጠላት ሆነ። ያን ዕለት ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ስቀዋል። የመጀመሪያው ዙር ገንዘብ ሱቁን ለአንድ ዓመት አቆየው። ሁለተኛው ዙር ከተገኘ ሦስት ሠራተኛ ይቀጠራል፤ ካልተገኘ ሱቁ በወሩ መጨረሻ ለአከራዩ ይመለሳል፣ እሱም ጆሮ የሌለው ጡረተኛ ሆኖ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ኮሚቴው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። አነስተኛ ድርጅት ላቦራቶሪ ስለሌለው ፈተናው የሚደረገው አመልካቹ በሚሠራበት ቦታ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚሠራው ከቤቱ ጋር አንድ ግድግዳ በሚጋራ ሱቅ ውስጥ ነው። ከማመልከቻው ጋር የተያያዘ ቅጽ ነበር። የቤተሰብ ብዛት፦ ሦስት። በሠራዊቱ ውስጥ ያለ ዘመድ፦ የሚስቴ ወንድም፣ በግንባር። ይህቺን መስመር በራሱ እጅ ጽፎ፣ ኩራት ስለተሰማው ከሥሯ አሰመረባት።

የሚስቱ ወንድም በግንባር አልነበረም። ከመጣ ዛሬ አርባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ልብስ ሰፊዋ በምትሠራበት ክፍል፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ድሮ ቤቱ በከሰል ይሞቅ በነበረበት ዘመን የከሰል ማስቀመጫ የነበረች ጎሬ አለች፤ ወደ መንገድ የምትወጣበት በር በጡብ ከተደፈነ ወዲህ ማንም አስቧት አያውቅም። ወርዷ ሁለት ክንድ ቢሆን ነው፤ ርዝመቷን አንድ ሰው ተኝቶ ይሞላዋል። የቁም ሳጥኑን የጀርባ ኮምፖንሳቶ ራሷ ፈትታ፣ ከውስጥም በሚፈቱ አራት ቡሎኖች መልሳ፣ ካፖርቶቹን ፊት ለፊቱ ሰቅላበታለች። ለባሏ ያልነገረችው ስለማታምነው አይደለም። መዋሸት አይችልም። ሊዋሽ ሲል ገና አንገቱ ይቀላል፤ ቅጹን ሲፈርም ደግሞ የጻፈው ሁሉ እውነት ነበር። እንዲያው እውነት ሆኖ ይቆይለት ብላ ነው።

ባልየው አዲስ ባትሪ ሊገዛ ሲወጣ ካፖርቶቹን ወደ ጎን አድርጋ በኮምፖንሳቶው ቀዳዳ ለወንድሟ ዳቦ አቀበለችው። የዳቦው ዋጋ ከትናንት ወዲያ ጨምሮ መጠኑ ደግሞ ቀንሶ ስለነበር ሁለት ነበር የገዛችው፤ ባሏ ለማን ነው ብሎ አልጠየቀም፣ የሚጠይቅ ሰው አይደለም። ማሽኑ ያለውን ነገረችው። ፊቱን ማየት አልቻለችም፤ የምታየው ጣቶቹን ነው፣ ጥፍሮቹ ሥር የከሰል ጥቁረት ገብቶባቸዋል።

«ታዲያ ይሠራል ማለት ነው» አለ።

መውጣት አለብህ አለችው። የት አላት። እውነቱን ነው፤ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ማዕዘኑ ላይ ፍተሻ አለ፣ ወንድ የሆነ ሁሉ መታወቂያ ሳያሳይ አያልፍም። እንግዲያው ማሽኑን ልስበረው አለች፤ አንዲት ሽቦ ብትጎትት ይበቃል። በዚህ ጊዜ ነው ወንድሟ በአርባ ሦስት ቀን ውስጥ አንድም ጊዜ ያልነገራትን የነገራት፤ ሳሉን በክንዱ እያፈነ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ምሽጋቸው ላይ የመድፍ ጥይት ሲወድቅ ሰባት ነበሩ። አፈሩ ከተጫናቸው በኋላ ሁለት ቀን እርስ በርስ ይነጋገሩ ነበር፤ ከላያቸው የሚፈልጓቸው ሰዎች ሲረግጡ ይሰማቸዋል፣ ላይ ያሉት ግን እነሱን አይሰሙም። የተቆፈረው ሌላ ቦታ ነበር። በሦስተኛው ቀን የሚያወራ የቀረው እሱ ብቻ ነው። «እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ኖሮ» አለ፤ ከዚያ ተወው። «አትስበሪው፣ እትዬ» አላት። «ብቻ አታስጠጊው።»

ባልየው ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ኮቱን ሳያወልቅ ማሽኑን ተሸክሞ ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከክፍል ክፍል መዞር ጀመረ። ማሽኑ የዳቦ ቅርጫት የሚያህል ሳጥን ነው፤ በሽቦ የተያያዘች፣ እንደ ሐኪም ማዳመጫ ግድግዳ ላይ የምትለጠፍ ክብ ብረት አለችው። ልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የማታውቀውን ሰው ሱሪ ጠርዝ ትሰፋለች፤ ጫፉ ላይ ስትደርስ ፈትታ ደግማ ትሰፋዋለች፤ የመኪናው ንዝረት ማሽኑን እንደሚያደናግረው ስለምታውቅ እግሯን ከፔዳሉ አላነሳችም። እስቲ አንዴ አቁሚው አላት። የሰው ሥራ ነው፣ ለማታ አደርሳለሁ ብያለሁ አለችው። ከፊቷ ቆሞ ጠበቀ፤ እሷም ሰፋች። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራቸው እንዲህ እልህ የተጋቡበት ቀን ትዝ አይላትም። በመጨረሻ የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቶቹን በመዳፉ እያሸ፣ ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አለ። ምናልባት ሰው እያረጀ ሲሄድ የሌለ ነገር እንዲሰማው ይፈልግ ይሆናል፤ ማሽኑንም እንደዚያ አድርጌ ሠርቼው ይሆናል። ይህን ሲል ያሳዘናትን ያህል በምንም አዝና አታውቅም። እውነቱ አፏ ላይ ነበር። የተናገረችው ግን ሌላ ነው።

«ቀንሰው» አለችው። «ብዙ ስለሚሰማ ነዋ። ትንሽ ቀንሰውና ልክ ይመጣል።»

ካቻቢቴውን አነሳ፤ በሳጥኑ ጎን ያለችውን ቡሎን ሩብ ዙር፣ ከዚያ ሌላ ሩብ ዙር ወደ ግራ አዞረ። ሱቁ ሄዶ ከማዶ ሞከረው። «ሁለት!» ብሎ ጮኸ፣ እንደ ልጅ። አማትየዋ ከአልጋዋ «ሞትየው ሻይ ሳይጠጣ ሄደ ማለት ነው» አለች፤ ልብስ ሰፊዋን ግን እያየቻት ነበር፣ ከወትሮው ረዘም አድርጋ።

ኮሚቴው ከሰዓቱ አንድ ደቂቃ ሳያሳልፍ መጣ። ሦስት ናቸው፤ ሽበቱ አጭር ተቆርጦ የተስተካከለ ኮሎኔል፣ መነጽር ያደረገች ወጣት መሐንዲስ፣ እና ቅጾቹን የያዘ ጸሐፊ። ኮሎኔሉ ትሑት ሰው ነው። አማትየዋን ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት፣ የራሱ እናትም እንዲሁ አልጋ ላይ እንደሆነች ነገራት፣ የመድኃኒት ዋጋ አሳሳቢ መሆኑን ተጨዋወቱ። ከዚያ ወንዶቹና መሐንዲሷ ወደ ሱቁ ሄዱ። ልብስ ሰፊዋና አማቷ እቤት ቀሩ። ብዙም ሳይቆይ የጓሮው በር በቀስታ ተከፈተና የኮሚቴው ሾፌር ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ገባ፤ በዓይኑ ይቅርታ ጠይቋት፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ካለው መታጠቢያ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ያን ጊዜ ገባት። የፈተናው ተንኮል ይህ ነው፤ ለባሏ የተነገረው ሁለት ነው፣ ኮሚቴው የሚያውቀው ግን ሦስት።

ከማዶ የባሏን ድምፅ ሰማች፤ ኮራ ያለ ነበር። «ሁለት» አለ።

መሐንዲሷ ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር ተናገረች። ሾፌሩ ተጠርቶ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ባሏ ምን እንደሚሰማው ከግድግዳው ማዶም ታውቀዋለች፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በከንቱ ያስቆፈረበት ቀን የለም። ዝም ቢል ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ገንዘቡም ይቀራል፣ ሱቁም ይዘጋል፣ ወንድሟም ይኖራል። ዝም እንዲል ትለምን ጀመር፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፣ የኔ ነው» ሲል ሰማችው። «ጠዋት ከሚገባው በላይ እየሰማ መስሎኝ እኔው ነኝ የቀነስኩት። ወደ ቦታው ልመልሰው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይፍቀዱልኝ።»

ፈቀዱለት። ሾፌሩ ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ተመለሰ። ቡሎኗ ሁለት ሩብ ዙር ወደ ቀኝ ዞረች። «አራት» አለ ባልየው፤ ድምፁ ግማሽ መንገድ ላይ ተሰበረ። መሐንዲሷ አዝና ነበር፤ እንደዚህ ከሆነ አንድ እያጎደለ ወይ አንድ እየጨመረ ነው፣ በዚህ ውጤት ማሳለፍ አይቻልም አለች። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ከፈተ። ባልየው ግን ማሽኑን አቅፎ ወደ ቤት ገባ፤ ሦስቱም ተከተሉት። እልህ ይዞት ነበር፤ ሰፈሩ «ጆሮ» ያለው ያ ሰው፣ ማለዳ አስፋልት ላይ የሚያጎነብሰው ሰው ተመልሶ መጥቷል። ክቧን ብረት የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ አስደገፈ፣ አዳመጠ፣ ሾፌሩን በጣቱ አመለከተ። የእናቱ አልጋ ጋ ደረሰ፣ አለፈ። ወደ ስፌት ክፍሉ ገባ። ሚስቱ ከቁም ሳጥኑ ፊት ቆማ ነበር፤ ይቅርታ ብሎ በትከሻዋ አለፈ፣ እንደ እንግዳ ሰው። ብረቷን ከቁም ሳጥኑ ጎን ካለው ግድግዳ ላይ ለጠፋት። ማዳመጫውን በደህናው ጆሮው ላይ ጫን አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ላይ ደስታ ሲመጣ አየችው፤ ያገኘ ሰው ደስታ። ዓይኑን ሳይገልጥ ቀኝ እጁ ወደ ኮቱ ኪስ ገባ፣ ጠመኔውን አወጣ፣ ኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ መስቀለኛ ምልክት አደረገ።

ከዚያ ዓይኑን ገለጠ።

ምልክቱን አየው። ሚስቱን አየ። እሷ መናገር የነበረባት በእነዚያ አርባ ሦስት ቀናት ውስጥ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሲጠብቁ የባሏ አንገት ከኮሌታው ጀምሮ እየቀላ ወደ ላይ ሲወጣ ተመለከተች።

«ቧንቧ ነው» አለ። «የድሮ ቧንቧ አለ እዚህ። ያንጠባጥባል። ይኼን ያህል ዘመን ሠርቼበት፣ ድምፁን አውቀዋለሁ።»

በዕድሜው የመጀመሪያው ውሸት ሳይሆን አይቀርም፤ እሱንም በሚያውቀው ሙያ ነው የዋሸው። ኮሎኔሉ ራሱን ነቀነቀ፣ ሊያምነው የፈለገ ይመስል ነበር። መሐንዲሷ ግን ሥራዋን የምትወድ ልጅ ናት። ማዳመጫውን በትሕትና ከእጁ ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ አወለቀችው።

«ያስላል» አለች።

ሾፌሩ ማዕዘኑ ላይ ካለው ፍተሻ ሁለት ወታደሮች ይዞ ለመመለስ የፈጀበት ጊዜ አንድ ብርጭቆ ሻይ አያስጠጣም። ኮምፖንሳቶውን መስበር አላስፈለገም፤ ወንድሟ ቡሎኖቹን ከውስጥ ፈትቶ ገፋውና ካፖርቶቹን እየገለጠ ወጣ። ብርሃኑ ዓይኑን ወግቶት ቶሎ ቶሎ ያርገበግበው ነበር። ፀጉሩ ላይ የኖራ ፍርፋሪ ነበረበት። እጁን ወደ ኋላ አሰሩት።

ኮሎኔሉ ሁሉንም አስቀምጦ፣ እሱ ቆሞ ቀረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሁለት ዓይነት ሪፖርት መጻፍ እንደሚችል ነገራቸው። አንደኛው፣ ከጦሩ የከዳ ሰው ቤቱ ደብቆ ቅጽ ላይ የዋሸ አመልካች ነው፤ እንዲያ ከሆነ ባልም ሚስትም አብረው ይሄዳሉ። ሌላው፣ ቤቱ ውስጥ የተደበቀ ሰው እንዳለ ጠርጥሮ፣ በራሱ ማሽን፣ በኮሚቴው ፊት ያጋለጠ አመልካች ነው። «ማሽኑ ጥሩ ነው» አለ። «ማሽኑን ማጣት አልፈልግም።» ጸሐፊው ቅጹን ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ፣ ከሰው ሱሪ አጠገብ ዘረጋው። ባልየው እስክሪብቶውን ያዘ። ልብስ ሰፊዋ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ከማዶ ያለችውን አሮጊት ማን ያገላብጣታል እያለች ታስባለች፣ እንዲህ በማሰቧም ራሷን ትጠላለች። ወደ ወንድሟ ማየት አልቻለችም።

«ፈርም፣ ጋሼ» አለ ወንድሟ ከበሩ። «ማሽኑ ሠርቷል እኮ።»

ፈረመ። ውጤት በሚለው ሥር መሐንዲሷ በሚያምር ጽሑፍ «አልፏል» ብላ ጻፈች፤ ስትወጣ ልብስ ሰፊዋን ቀና ብላ አላየቻትም። ጎረቤቱ በየበሩ ብቅ ብሎ የቆመው ወንድሟን ወደ መኪናው ሲያስገቡት ነው። ኮሎኔሉ ባልየውን ለመሰናበት እጁን በሁለት እጁ ይዞ ስለነበር፣ ሰፈሩ ያየው ይህን ነው፤ ከዚያ በኋላም ስለዚያ ቀን ሲወራ የሚወራው ይኸው ነው።

ባልየው ወደ ሱቁ ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ አርጥባ የጠመኔውን ምልክት ፈተገችው፤ ነጩ ለቀቀ፣ እርጥበቱ ግን ኖራው ላይ ያንኑ መስቀል አጥቁሮ አሳየው። ኮምፖንሳቶውን መልሳ ገጠመች። አራቱንም ቡሎን አጠበቀች። ካፖርቶቹን ደርድራ ሰቀለች። አራተኛውን ካፖርት ስትሰቅል ነው ለምን እንደምታደርገው የጠፋት።

«ልጄ» አለች አማትየዋ ከአልጋዋ፤ ቀልድ የሌለበት ድምፅ ነበር። «ያ ሌሊት ሌሊት የሚያስለው ልጅ... ወሰዱት?»

ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆመች። «ይሰማሽ ነበር እንዴ፣ እማማ?»

«ከመጣ ቀን ጀምሮ» አለች አሮጊቷ። «ጠዋትማ ሞት ነው ያልኩት እንዲያው ቢስቅና ቢተወው ብዬ ነው።»

ከግድግዳው ማዶ ማሽኑ ጢው አለ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ፤ ቁጥሩን ጮኾ የሚነግራቸው ግን አልነበረም።